የይትባረክ እርም

እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ቅዳሴ የሄደው ተመልሶ፣ ቤት የዋለውም ምሳውን በልቶ ሲያበቃ፣ የእድሩ እርም ማውጫ አዳራሽ ይከፈታል። በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል። ከዚያ ቤተሰብ በቤተሰብ እየተጠራ ይገባል። ወንበሮቹ ሰፋፊና ለስላሳ ናቸው፤ ከፊት ለፊታቸው የጠፋው ልጃቸው አሟሟት በፊልም ይታያል። የተቀመጠው ሰው ሲያለቅስ የወንበሩ ክንድ ይሞቃል፤ ካላለቀሰ ሲገባ እንዳገኘው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆየዋል። የአንድ ቤት ወንበሮች ሁሉ ከሞቁ መብራት ይበራል፣ ከግድግዳው «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ደብዛው የጠፋው ልጃቸውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሟች ነው። ካልሞቁ ፊልሙ ለሚቀጥለው እሁድ እንደገና ይሠራል።

ሰዉ ይህን ከለመደው ቆይቷል። ድሮ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱ ተዘርግቶ፣ ፎቶው ተይዞ ነበር እርሙ የሚወጣው። ባሕር የበላው፣ በረሃ የቀረው ሲበዛ ግን ልብስ እያዩ ማልቀስ ለብዙው ቤት አልሆን አለ። እናት «ልብሱን ነው እንጂ ሞቱን መቼ አየሁ» እያለች በር በሩን ስታይ ታረጃለች። ስለዚህ እድሩ ሞቱን ያሳይ ጀመር።

ኢዮስያስ ወንበሩ የማይሞቅ ሰው ነው።

ኮምቦልቻ ከደረቅ ወደቡ በር አጠገብ ጎሚስታ ነው። መኪኖቹ ሾፌር የላቸውም። ጎማቸው ሲተነፍስ ራሳቸው መጥተው ይቆማሉ፣ የተጎዳውን ጎናቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፣ ሲጨርስላቸው በሴት ድምፅ «እናመሰግናለን» ብለው ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያናግረው የለም። ስልኩ ከደረት ኪሱ አይለይም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ይገባል። የንስሐ አባቱ አንድ ቀን ጠርተው «ልጄ፣ እዚህ እንኳ ለእግዚአብሔር ብቻ ብትቆም ምናለ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ እሱ እኮ ልጁን በሦስተኛው ቀን አግኝቷል» አላቸው። መስቀላቸውን አሳለሙት።

የኢዮስያስ ልጅ ይትባረክ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከባሕሩ ዳር ደውሎ ለእናቱ «ዛሬ ልንሻገር ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ሞተም ያለ የለም፣ አለም ያለ የለም።

ሟች ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሙታንን ድምፅ እያስመሰሉ «እማዬ፣ ታስሬያለሁ» እያሉ እናቶችን የሚያስለቅሱ ሌቦች ከበዙ ወዲህ፣ የስልኩ መስመር የሟችን ድምፅ ከማንም አፍ ቢወጣ ይዘጋዋል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም፤ እንዲለይም የጠየቀው የለም። ፊቱን ቢያሳይም ያው ነው። በእግሩ መጥቶ ኬላ ላይ ቢቆም እንኳ የያዘው የሙት መታወቂያ ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። ኢዮስያስም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ እሱ ካላለቀሰ መስመሩ ክፍት ነው።

አልሄድም እንዳይል፣ ከአዳራሹ የቀረ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ስለዚህ በየእሁዱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሚስቱንና ሴት ልጁን አስከትሎ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ፊልም ደግ ነበር። ጨረቃ የወጣችበት ባሕር፣ ሰው የሞላበት ጀልባ፤ ይትባረክ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን በክሩ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ማዕበሉ መጣና እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው። ፊቱ ላይ ጭንቀት አልነበረም። ሚስቱ አርሴማ ገና ጫማውን ስታይ ነው ያለቀሰችው። ሴት ልጁ ሶልያና አፏን በሻርፕ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ሁለቱ ወንበሮች ሞቁ።

ኢዮስያስ ዘዴ አለው። ዓይን መጨፈን ስለማይፈቀድ፣ ዓይኑን ከፍቶ በልቡ ጎማ ያስራል። የጎማ ብሎን በዙር አይጠብቅም፤ በመስቀል ነው። አንዱ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ከዚያ ከግራ፣ ከዚያ ከቀኝ። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ማማተብም ይመስላል። አንዱን መኪና ሲጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ፊልሙ ሲያልቅ ወንበሩ እንደ ብረት ቀዝቃዛ ነው።

በተመለሱ ቁጥር ሞቱ ከፋ። በሁለተኛው ጀልባው አልሰጠመም፤ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ፣ ሰዎቹም ውሃ ጥማት እየያዛቸው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። በሌላው ይትባረክ የሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ ተረፈ፣ ከሥሩ የነበረውን ሰው ስም እየጠራ አበደ። ፊልሙ የሚሠራው የቤታቸውን ጆሮ ሰምቶ ነው። እያንዳንዱ ቤት ኮርኒሱ ላይ ጆሮ አለው፤ መብራት አጥፋ ሲሉት ያጠፋል፣ የታመመ ሲያቃስት ሐኪም ይጠራል። ይትባረክ ጥርስ ሲያወጣ ያለቀሰውንም፣ ድምፁ ሲጎረንን ያሾፉበትንም ሰምቷል። ስለዚህ ባሕሩ ላይ የሚጮኸው ልጅ የራሱ የይትባረክ ድምፅ ነው፤ ሲደክመው እንደሚያደርገው «እንትን» የምትለዋን ቃል እንኳ ይደጋግማታል።

«ጋሽ ኢዮስያስ» አለችው የአዳራሹ ኃላፊ ብሌን፣ አንድ እሁድ ስልኩን እየመለሰችለት። «እኔ ልምከርዎት ብዬ ነው። እምቢ ያለ ቤት ይከፋበታል። ባለፈው አንድ አያት እንደርስዎ ድርቅ ብለው የልጅ ልጆቻቸውን እንቅልፍ ነሱ። በመጨረሻ አለቀሱ። ሰው አይደሉ?»

«ፊልሙ ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ አልከፋኝም።»

«ጥሩ ከሆነ ምነው ታዲያ?»

«ይትባረክ ዋና አያውቅም። የናንተው ዛሬ ዋኝቶ ዋኝቶ ማዶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ትንሽ ብትተዉት ይሻገር ነበር።»

ብሌን ልትስቅ አለችና ፊቱን አይታ ተወችው።

መንገድ ላይ አርሴማ ከኋላ ነበረች። እሱ ቆሞ ጠበቃት፤ እሷም ቆመች።

«ዛሬ ዓይኑን ዓሣ በላው» አለችው። «አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ልጄን በየሳምንቱ ትገድለዋለህ። እኔ አንዴ ቀብሬው ልቀመጥ ነው የፈለግሁት። አንዴ! ሌላው እናት ሁሉ አንዴ ነው ልጁ የሚሞትበት።»

ሶልያና በመካከላቸው ሆና የሁለቱንም ክንድ ይዛ መንገዱን አሻገረቻቸው።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ላይ የመጣው ፊልም ግን ባሕር አልነበረውም። የራሳቸው ሳሎን ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሶፋው ላይ ኢዮስያስ ራሱ ቁጭ ብሏል፣ ነቅቷል፣ ጋቢውን ለብሷል። ይትባረክ ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጦ መጣና ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሳመ።

«አባዬ፣ መርቀኝ።»

ፊልሙ ውስጥ ያለው ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባዬ። አትቆጣ። ዝም ብለህ አንዲት ቃል።»

ግድግዳውን እንዳየ ቀረ። ልጁ ብዙ ቆየ፤ ጉልበቱ ሥር እንደ ሕፃን። ከዚያ ተነሥቶ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ውሃ ይገባ ጀመር። በሩ ተከፈተ፤ ይትባረክ ርሶ ገባ፣ ተንበረከከ፣ «መርቀኝ» አለ። አባቱ ግድግዳውን ያያል። ወጣ። እንደገና ገባ፤ አሁን ከንፈሩ ነጥቷል። «መርቀኝ።» ወጣ። ገባ። በተመለሰ ቁጥር ከፊቱ የሆነ ነገር ይጎድላል፤ መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ በመጨረሻ ፊት በሌለበት ቦታ ያች አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፣ ከጨው ውሃ ጋር ጉልበቱ ላይ የምትንጠባጠብ።

ኢዮስያስ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ አሰረ። ዓይኑ ደረቅ ነው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የአርሴማም ወንበር አልሞቀም። ፊልሙን ትታ እሱን ታየው ነበር።

ቤት ደረሱ። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳሎኑ መካከል ቆመች።

«‹ተኝቼ ነበር፣ ሳይነግረኝ ሄደ› አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ‹ምነው ልጄ አባቱን እንኳ ሳይሰናበት› ብዬ በልጄ አዝኜበታለሁ እኮ! በሙት ልጄ!»

«እንዲቀር ብዬ ነው» አለ ኢዮስያስ።

«ምን?»

«ካልመረቅኩት የሚቀር መስሎኝ ነው። ያልተመረቀ ልጅ ደጃፉን ይሻገራል? እኔ አባቴ ሳይመርቀኝ ደሴ እንኳ አድሬ አላውቅም። ይመለሳል ብዬ፣ ውጭ ትንሽ ቆሞ ይመለሳል ብዬ ነው። ኮቴውን እያዳመጥኩ ነበር።»

«እና?»

«ሄደ።»

አርሴማ ሶፋው ላይ፣ ፊልሙ ውስጥ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ልትቀመጥ አለችና ሸሽታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ባዶውን ባሕር ሰደድከው» አለች ቀስ ብላ። «እሺ። አሁንስ? አሁን ምነው ብታለቅስለት? እሱንም ነፈግኸው?»

«ካለቀስኩ ይዘጋል። ሲደውል እንዴት እመርቀዋለሁ?»

«ማን ሲደውል? ሞቷል እኮ ኢዮሲ!»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ አንዲት ቃል አለችብኝ። እሷን ሳልሰጠው አልዘጋበትም፤ ብትጠይኝም አልዘጋበትም።»

ሶልያና የኩሽናው በር ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበር። ወንድሟ ሲሄድ ልጅ ነበረች፤ አሁን ከእናቷ ትረዝማለች፤ መቼ እንዳደገች ግን እቤቱ ውስጥ ያየ ያለ አይመስልም።

«አባዬ፣ እኔም እኮ እዚህ ቤት አለሁ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ለእንግዳ ስሟን እንደምትናገር ነው ያለችው።

ኢዮስያስ ቀና ብሎ አያት። የሆነ ነገር ነካው። «አንቺማ ስላለሽ አይደል የቆምኩት» አላት። «የኔ እናት፣ ያንቺን ክፉ ያየሁ ቀን እኔ በዚያው አበቃልኝ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ የነገራት የመጀመሪያው ለስላሳ ቃል ነበር። ሶልያና ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ኩሽና ገባች። ኮርኒሱ ላይ ያለው ጆሮ እንደ ሁልጊዜው አረንጓዴ ነጥቡን ብልጭ ድርግም ያደርግ ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ ፊልሙ ሲጀምር ኢዮስያስ ባሕሩን ጠበቀ፣ ቀጥሎ ይትባረክን ጠበቀ። ሁለቱም አልመጡም። ያው ሳሎን ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ያው ሶፋ፣ ያው ጋቢ። በር ላይ የተቀመጠችው ቦርሳ ግን የሶልያና ናት። መጥታ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ መርቀኝ።»

ኢዮስያስ ብሎኑን ከላይ ጀመረ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ አዳራሹ ውስጥ። «እሷን እመርቃለሁ። እሷንማ እመርቃታለሁ!»

ሶልያና ጉልበቱን ስማ ተነሣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «እኔም እኮ እዚህ ቤት ነበርኩ» አለችና ወጣች። ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ያለው ኢዮስያስ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ብርሃን ከመስኮቱ ገባ፣ ዞረ፣ ጠለቀ፤ እንደገና ነጋ። በሩ ተንኳኳ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች፣ ማንም በዚያ ሰዓት ለመልካም ነገር የማይመጣበት ጎሕ ላይ፣ ዝም ብለው ገብተው በዙሪያው ቆሙ። እንዲናገሩ አላስፈለገም። ኢዮስያስ ከታች ያለውን ብሎን ፈለገው፤ አጣው። ከግራ ፈለገ፤ ጎማውም መኪናውም የለም። ልጁ አጠገቡ መቀመጧን ረስቶታል። «ልጄን! ልጄን!» ብሎ የጮኸው ከሆዱ ነው።

የወንበሩ ክንድ ሞቀ። እንደ በሬ ትንፋሽ ነው የሞቀው። አርሴማ እሱ ሲያለቅስ ሰምታ አልቅሳ ነበር፤ ሶልያናም ፈርታ አልቅሳለች። መብራት በራ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ግድግዳው።

አርሴማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ እጁን ሳመችው። «አለቀስክለት» ትለው ነበር። «ተመስገን። ተመስገን። አለቀስክለት።»

ትቷት ወደ ብሌን ሮጠ። ብሌን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሐዘንተኛን እንደምትቀበል አንገቷን ሰበር አድርጋ ጠበቀችው።

«ለሱ አይደለም ያለቀስኩት። ሰምተሻል? ለሱ አይደለም! ፊልሙ ውስጥ እሱ መቼ ነበረ?»

«ጋሼ፣ ወንበሩ እንባውን ነው እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም።»

«ታዲያ አንቺ ታውቂያለሽ! መልሺው!»

«የሞተ እንዴት ይመለሳል ጋሼ?» አለች፣ ሳትቀልድ፣ በእውነት አዝናለት። «አሁንስ ይረፉ። ሁላችሁም እረፉ።»

ሶልያና ደጅ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ሄዳለች። ኢዮስያስ ሊያቅፋት ሲጠጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ለኔ ነው ያለቀስከው።»

«ላንቺ ነው የኔ ዓለም። ማን አለኝ?»

«አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ አባዬ። ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜን በኔ ዘጋኸው። ይደውል ነበር ወይ፣ አይደውልም ነበር ወይ እያልኩ እዚህ ቤት ልኖር ነው። እባክህ ለእማዬ እንዳትነግራት። እሷ እንኳ ትተኛ።»

በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጡ። ድንኳን የለም፤ ከሰፈሩ የመጡት ጥቂት ናቸው፣ የቀሩት ከአዳማ፣ ከሪያድ፣ ከየሥራቸው ሆነው በምስል በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ነጠላ ለብሶ፣ አንዳንዱ ደንቡን ለማክበር ብቻ አንገቱን ደፍቶ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘሐራ ከጠዋት ጀምራ ከአርሴማ ጎን አልተነሣችም። «አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ» ትላታለች። አርሴማ ጥቁር ለብሳለች። ሌሊቱን ተኝታ አድራለች። ልጇን የምትጠራው «ነበር» እያለች ነው፤ ጫማ ይወድ ነበር፣ ሳቁ ያምር ነበር፤ እያለቀሰችም ፊቷ ላይ ኢዮስያስ የረሳው አንድ እርጋታ አለ። ለመጣው ሁሉ «አባቱ አለቀሰለት» ትላለች።

ኢዮስያስ ሊነግራት ከአንዴም ሁለቴ አፉን ከፍቶ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። ብትሰማ ልጇ እንደገና ወደ ባሕሩ ሊመለስባት ነው።

ከቀትር ትንሽ አለፍ ሲል ስልክ ጮኸ።

ኢዮስያስ ሳያስበው ብድግ አለ። እጁ ደረት ኪሱ ላይ ነበር፤ ኪሱ ዝም ብሏል።

«የኔ ናት፣ ይቅርታ» አለች ዘሐራ፣ ከነጠላዋ ሥር እየፈለገች። «የልጄ ልጅ ናት፤ በስሕተት ነው ሳልዘጋት የቀረሁት» ብላ አጠፋችው።

ይሄን ጊዜ ግን ሁሉም ተነሥቶ ነበር። ሐዘንተኛ ሲነሣ የሚቀመጥ የለምና፣ ለጸሎት የተነሣ መስሏቸው ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትም ከየወንበራቸው ተነሡ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዘሐራ በራሷ ወግ መዳፎቿን ዘረጋች። የንስሐ አባቱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው «ጎሽ ልጄ፣ አንተው ጀምርልን» አሉት።

ኢዮስያስ አርሴማን አያት። ተስፋ በሞላው ዓይን ታየው ነበር። ሶልያና ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ አንገቷን በጣም በቀስታ፣ እሱ ብቻ እንዲያየው፣ «እንዳትነግራት» እንደማለት ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች።

«አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ጀመረ።

ሕዝቡ ተቀበለው። ቃሎቹ እንደ ለመዱት ከአፉ ወጡ፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ፣ ሾፌር ሳይኖራቸው እንደሚሄዱት መኪኖች። ጸሎቱ አለቀ። የመጨረሻዋን ቃል ከአባት ይጠብቁ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለ ኢዮስያስ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ቤት ውስጥ ያሉት። ግድግዳው ላይ ያሉት፣ መስመሩ ከሩቅ ስለሆነ ቆየት ብለው፣ በየተራ እየተቀባበሉ ደገሙት።